ሦስተኛው እጥበት

አላህ ይዘንላቸውና አጎቴ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ በምግብና በውሃ ውስጥ ያለ የእርሳስ ብረትና ጨረር እለካለሁ። ናሙና ልቀዳ በመጣሁ ቁጥር ጠርሙሱን ተቀብለው በሐይቁ ውሃ፣ ለሶላት እንደሚታጠቡት ውዱእ፣ ሦስት ጊዜ ያለቀልቁልኝ ነበር።

በጦርነቱ ወቅት «ሐይቁ ተመርዟል» ተባለና ሰው እየራበው ዓሣ መብላት ፈራ። ከአጎቴ ጋር ናሙና ልንቀዳ እንደወረድን ከውጫሌ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራ ጀመር። ቸኩዬ ሁለቴ ብቻ አለቅልቄ ልሞላ ስል እጄን ያዙኝ።

«አጎቴ፣ እየተተኮሰ እኮ ነው!»

«ይተኮስ! አገር የሚጎርሰው ባንቺ ቃል ነው። አንድ ቀርቶሻል።»

መንገዱ ተዘግቶ ውጤቱ ዘገየ። ሐይቁ ንጹሕ መሆኑን ልነግራቸው ስመጣ የደረስሁት ከቀብራቸው በኋላ፣ ለሰደቃቸው ነበር።

ዛሬም ሁለቴ ካለቀለቅሁ በኋላ ቆም እላለሁ። እጄን የሚይዘኝ የለም።