ከኮርኒሳችን በላይ የኖረችው ጉጉት

ልጅ ሳለሁ፣ ልደታ ውስጥ በነበረው ግቢያችን፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ አባባ ሰይድ ደጃፍ እንሰበሰብ ነበር። አባባ ሰይድ ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የከሰል ካውያቸውን ከፍተው ፍሙ እስኪከስም ድረስ በኩራዝ ብርሃን ተረት ያወሩልናል። ያኔ ከሁሉ የምፈራው የጉጉቷን ተረት ነበር። ወፎች ተባብረው ስሟን ስላጠፉባት ቀን መውጣት የተወችው ጉጉት፣ ከእኛው ኮርኒስ በላይ ትኖር ነበርና።

ፊቷ ለሁለት እንደተከፈለ ፖም ነጭ ነው፤ ዓይኗ ጥቁር። ጀንበር ስትጠልቅ በቆርቆሮው ቀዳዳ ትወጣለች። ክንፏ ድምፅ የለውም፤ ጩኸቷ ግን አቡጀዲ ሲቀደድ ይመስላል።

እናቴ «ኩላሊቴን» እያለች ታማ በተኛችበት ክረምት፣ ጎረቤቶቻችን ጉጉቷ ነፍስ እየጠራች ነው አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በበርበሬ ጭስ ሊያስወጧት መሰላል ይዘው መጡ። እኔም አምኛቸው ስትወጣ ልመታት ድንጋይ ይዤ ቆምኩ።

አባባ ሰይድ ከግድግዳው ሥር ጉጉቷ የተፋችውን ጥቁር ድብልብል አንስተው በመቀሳቸው ጫፍ ፈለቀቁት። ውስጡ ጠጉርና የአይጥ አጥንት ነበር። አይጧን እንዳለች ውጣ፣ ሆዷ ያልፈጨውን መልሳ እንደምትተፋ ነገሩን።

«ሟርቷ ይኼው ነው» አሉ። «የሰው አጥንት ያገኘ ያሳየኝ።»

እኔም አፍሬ ድንጋዩን ጣልኩ፤ ሰዎቹም እያጉረመረሙ ሄዱ።

እናቴ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ለቅሶ ላይ «አላልንም ነበር?» የሚለውን ሹክሹክታ በጆሮዬ ሰማሁ፤ በሠልስቱ ማግስት መሰላሉ ተመልሶ መጣ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ሄጄ የመጀመሪያው መወጣጫ ላይ ተቀመጥኩ።

«እናቴን የገደላት ኩላሊቷ ነው» አልኩ። «ጉጉቷን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይንካ።»

አባባ ሰይድ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ። «አብሽሪ፣ የኔ ዓለም» አሉኝ። የሙት ልጅ ገፍቶ ለመውጣት የደፈረ ስላልነበረ መሰላሉ ተወሰደ።

ግቢው ከፈረሰ ቆየ፤ ጉጉቷም ወዴት እንደሄደች አላውቅም። ዛሬም ሰው ፊት ስለ ሟርት ሲወራ ዝም ብዬ አላልፍም፤ ተከራካሪ ይሉኛል፣ ይበሉኝ። በዚያ ክረምት ሁላችንም ወደ ጣሪያው ስናንጋጥጥ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፤ ለራሴም ጭምር።