ውኃ የማትጠጣው ቮልስ

ባለፈው ሳምንት የግቢ በር ላሠራ አዳማ አንድ ብየዳ ቤት ቆሜ ሳለሁ፣ ሠራተኛው ላሜራውን ሲቆርጥ የተነሳው የጋለ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ያ ሽታ ለእኔ የአባቴ ቮልስ ሽታ ነው።

አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ሰማያዊዋን ቮልሱን ከልጆቹ ለይቶ አያያትም፣ እናቴን ከጠየቃችሁ ደግሞ ከልጆቹም ያስበልጣታል። የድሮው ሞተር አርጅቶ አልነሳ ሲል ጎረቤታችን ባለጋራዡ ጋሽ ከድር ከኋለኛ ሞዴል የወጣ ሌላ ሞተር ፈልጎ ገጠመላት፤ ሞተሩን ዙሪያውን የሚሸፍኑት ቆርቆሮዎች ግን ከአዲሱ ጋር አልገጥም አሉ። ይኼኔ ሠፈሩ ሁሉ መሐንዲስ ሆነ። በአዳማ ሙቀት እኛ እንኳን ሸሚዛችንን አውልቀን በረንዳ ላይ የምንውለው ሰዎች ሞተሩን ምን በወጣው እናለብሰዋለን፣ ራቁቱን ይሁንና ይተንፍስ እንጂ ተባለ፤ አባቴና ጋሽ ከድርም ነገሩ አሳምኗቸው ቆርቆሮዎቹን ጥግ ጣሏቸው።

ራቁቱን የወጣው ሞተር ቆቃ ላይ ጨሶ ቆመ። መንገድ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ወጣቶች ጭሱን አይተው “ቢሻን! ቢሻን!” እየተባባሉ ውኃ በጀሪካን ይዘው እየሮጡ መጡልን፤ የቮልስ ሞተር ግን የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ውኃ የሚጨመርበት ቦታ የለውም። አባቴ በትሕትና “ይቺ መኪና ውኃ አትጠጣም፣ ልጆቼ” ቢላቸው፣ አንደኛው ጀሪካኑን እንደታቀፈ “ታዲያ ምንድን ነው የምትጠጣው፣ ጋሼ?” አለው። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ታላቅ እህቴ ሰብለ ሻሸመኔ ልትዳር ጥቂት ሳምንት ቀርቷት ነበርና፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በራሱ መኪና ሊያደርሳት ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቃል ገብቶላት ነበር።

ቤት ስንመለስ ጋሽ ከድር ጨርቅ አጭሶ ወደ ሞተሩ ቢያስጠጋ፣ ፋኑ የሚነፋው ነፋስ ወደ ሲሊንደሮቹ መውረዱን ትቶ በየአቅጣጫው ሲበተን አየን። ለካ ነፋሱን ይዞ ወደሚግለው ቦታ የሚያደርሰው ያ የናቅነው ቆርቆሮ ኖሯል! ከዚያ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሥራው መቁረጥ፣ መቀጥቀጥ፣ ገጥሞ ማየት፣ መሳደብና እንደገና መቁረጥ ሆነ። የጎደለው በምግብ ዘይት ቆርቆሮ ተጣፈ፣ በየጠርዙ የቀረው ክፍተት ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ተደፈነ፤ የኋላውን ኮፈን የከፈተ ሰው የዘይቱን ማስታወቂያ ከነሥዕሉ ማንበብ ይችል ነበር።

በሠርጉ ዕለት ሰብለ ከነቬሎዋ ከኋላ ተቀመጠች፣ እኔም ቬሎው ውጦኝ ከጎኗ። ሞተሩ ከጀርባችን ስለሆነ እሷ መደገፊያውን በእጇ እየዳሰሰች ሙቀቱን ትለካለች፣ እኔ እንደ ውሻ አሸታለሁ። ቆቃን ስናልፍ እናቴ በሹክሹክታ መጸለይ ያዘች። መቂ አለፈ፣ ዝዋይም አለፈ፤ አርሲ ነገሌ ስንደርስ እናቴ በሹክሹክታ መጸለይዋን ትታ መዘመር ጀመረች። ሻሸመኔ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ አባቴ ሞተሩን አጠፋና መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። የሙሽራው ዘመዶች ልጁ ልትለየው ነው ብለው አብረውት እንባቸውን ጠረጉ፤ እሱ ቀና ሲል ግን ፊቱ በሙሉ ሳቅ ነበር። “ደረስን እኮ!” አለ። እኔም ያን ያህል እፎይ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

አባቴም ቮልሷም ዛሬ የሉም። አሁን ሰብለን ልጠይቅ ሻሸመኔ የምሄደው ሙቀቷን ራሷ በምትናገር መኪና ነው፤ እንደምደርስ ሳልጠራጠር እነሳለሁ፣ እደርሳለሁም። ስደርስ ግን እንደዚያን ዕለት የሚደሰት ሰው መኪናዬ ውስጥ የለም፤ እኔንም ጨምሮ።