መጀመሪያ ኦቾሎኒውን

ከክፍል ከነዩኒፎርሜ ነው የወሰዱኝ። ጅግጅጋ ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ የአንድ ባለሥልጣን ግቢ ሣር ግን ለምለም መሆኑን ቴሌግራም ላይ ጻፍኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

የእስር ቤቱ ክፍል በረኪናና ላብ ይሸታል። በሩ ከኋላዬ ሳይዘጋ ካቦዋ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ "በምን ገባሽ?" አለችኝ። እዚያ ከስም በፊት የሚጠየቀው ክስ ነው።

"በጽሑፍ።"

"ጉድ! ያቺ ጥግ ያለችው ደግሞ ሰው በቢላ ወግታ ነው። እንዳትጠጊያት።"

ከዚያ በኋላ ሴትየዋ የምታደርገው ሁሉ ያስፈራኝ ጀመር። ዝም ስትል ያደባች ይመስለኛል። ፈገግ ስትል ይብሳል። የማንኪያ እጀታ ሲሚንቶው ላይ ስትስል ያየሁ ቀንማ ነፍሴ ልትወጣ! ማንኪያዋን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

"ነይ አባዮ" አለችኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው።

የተቋጠረውን የሹሩባዬን ክር በማንኪያዋ በጠሰችልኝ። ቀስ ብላ ፈታችው፣ አበጠረችኝ። ልጇ ከባቢሌ ከሚያመጣላት ኦቾሎኒም አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። ለካ አብሯት የሚበላ ሰው አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤዶ አልኳት፣ አክስቴ።

ሰንበትበት ብሎ አንዲት ልጅ እያለቀሰች ገባች። ካቦዋ እንደ ልማዷ "ያቺ ጥግ ያለችው..." ብላ ስትጀምር ኤዶ አንገቷን ደፋች። የሚቀጥለውን ታውቀዋለች። ለገባ ሰው ሁሉ ሲነገር ሰምታዋለች።

ብድግ አልኩ።

"ኤዶ ናት። ኦቾሎኒ ትሰጥሻለች። ፀጉርሽን ስታበጥርልሽ እንቅልፍ ይወስድሻል።"

"አንቺ ጸሐፊ፣ ጨረስሽ?" አለች ካቦዋ።

"አልጨረስኩም። ሰውም ወግታለች።"

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ኤዶን አየቻት።

"ምን አድርጓት ነው?" አለች።

ለእኔ ይህ ጥያቄ አንድም ቀን አልመጣልኝም ነበር። ልጅቷ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ኤዶ የኦቾሎኒ ፌስታሏን ለመፍታት ሞከረች፤ ቋጠሮው እምቢ ሲላት ልጅቷ ፈታችላት።

ከተፈታሁ ወዲህ ሰዎች ሲያስተዋውቁኝ "ያቺ የታሰረችው" ብለው ይጀምራሉ። አሁን እቀድማቸዋለሁ፤ እጽፋለሁ፣ ሹሩባም እሠራለሁ እላለሁ። እስሩን ከፈለጉ ቁጭ ብለን፣ ኦቾሎኒ እየበላን፣ በኋላ እነግራቸዋለሁ።