በከሰል የጠራው ገንዳ

መቱ ላይ ጁስ ቤቴን ስከፍት ደንበኛ ይስብልኛል ብዬ ከአዲስ አበባ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አስመጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ውሃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ሆነ፤ ወርቃማ ዓሦቼም አየር ፍለጋ አፋቸውን ወደ ላይ ማውጣት ጀመሩ።

"ልጄ፣ ወስደሽ ሶር ወንዝ ልቀቂያቸውና ተገላገዪ" አሉኝ ጎረቤቴ፣ ባለሱቁ ጋሼ።

"በፍጹም አልለቃቸውም!" አልኳቸው።

የባሕር ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች በከሰል በሞላ ቱቦ ውሃውን ከታች ወደ ላይ እየገፉ ሲያጣሩ በስልኬ አይቼ ነበር። እኔም የቧንቧ ቁራጭ ፈልጌ የተሰባበረ ከሰል ሞላሁበት፣ ሁለቱን ጫፍ በስፖንጅ ደፈንኩ፣ ከትንሽ ፓምፕ ጋር አገናኘሁት። ስከፍተው ገንዳው በአንድ ጊዜ ጠቆረ።

ጋሼ በሳቅ ፈረሱ። "አሁን ደግሞ ቡና አፈላሽላቸው!"

ዓሦቹን ወደ ባልዲ አዛውሬ ውሃውን ቀየርኩ። ከሰሉንም ጥላሸቱ እስኪያልቅ ደጋግሜ አጠብኩት። ከዚያ ዓሦቹንና ቱቦውን መልሼ፣ ከሰሉ ሳይናጥ በቀስታ ብቻ እንዲላወስ የፓምፑን ኃይል ቀነስኩ።

ከቀናት በኋላ ጠዋት በሩን ስከፍት፣ በገንዳው ውስጥ አሻግሬ የግድግዳዬን ቀለም አየሁ። ዓሦቹ እየተሯሯጡ ነበር። ብቻዬን ጮኼ ሳቅሁ! ጋሼ ድምፄን ሰምተው መጡና ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ። "ባርኔጣዬን አነሳሁልሽ" አሉ።

ከኖፓ ለገበያ የመጡ ሴቶችም ቆመው በኦሮምኛ "ቢሻን ቁልቁሉ! ምን ዓይነት ንጹሕ ውሃ ነው! ማን ሠራልሽ?" አሉኝ።

"ራሴ!" አልኳቸው፣ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ እስኪሰማ።