ከላይ የተተወው ባዶ ቦታ

አማርኛ የሚያስተምሩት መምህርት የብርጓል ከተማሪ ድርሰት ሁሉ የሚጠረጥሩት መግቢያውን ነው፤ ያማረ ከሆነ ከስልክ የተገለበጠ ይመስላቸዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ደግነት ድርሰት ሲፈትኑ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጣው ተማሪ ገዳሙ የገጹን ራስጌ ባዶ ትቶ ከታች ሲጽፍ አዩና ወረቀቱን ቀሙት።

«መግቢያውን ማን ሊያቀብልህ ነው?»

«ማንም፣ ቲቸር። መጨረሻ ላይ ነው የምጽፈው።»

«ሞኝህን ፈልግ!»

«ወዴት እንደምወስድዎት ሳላውቅ እንዴት ይምጡ ልበልዎት?»

ክፍሉ ሳቀ። ወረቀቱ ካልተመለሰለት ዜሮ ማግኘቱ ነው።

«ና፣ እዚህ ፊቴ ጨርሰው» አሉት።

ጨረሰና ወደ ራስጌው ተመልሶ ጻፈ፦ «እናቴ ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሳት ባለባጃጅ ስሙን አልነገረንም።»

ሙሉ ማርክ ሰጡት። ወረቀቱን ከመመለሳቸው በፊት ግን ጀርባውን ገልብጠው አዩ።