እሺ ያልናት ሴትዮ

ሰው ቤቴ ሲገባ ጫማውን እንዴት እንደሚያወልቅ አይቼ ልቡን አውቃለሁ ብዬ የምኩራራ ሴት ነበርኩ። ጎንበስ ብሎ ረጋ ብሎ የሚፈታ ሰው ሊቀመጥ ነው የመጣው። በቁሙ አንዱን ጫማ በሌላው ረግጦ የሚያወልቅ ደግሞ ጉዳዩን ጨርሶ ሊሄድ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ የትምህርት ቤት ባስ መንዳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ጠዋት ልጆቹ ሲሳፈሩ ፊታቸውን አይቼ ያልበላውን፣ የታመመውን፣ ተንኮል ያሰበውን እለያለሁ። እንግዲህ ልጅ የለየሁ ሴት ፖለቲከኛ መለየት ያቅተኛል እንዴ?

ያን የበረዶ ክረምት ማብቂያ ላይ በእኛ አካባቢ ሁለት ሰዎች የአንድ ፓርቲ እጩ ለመሆን ይወዳደሩ ነበር። ዋናው የክፍለ ሀገሩ ምርጫ ገና ነው፤ ይሄ የቤት ውስጥ ውድድር ነው፣ ድምፅ የሚሰጠውም የፓርቲው አባል ብቻ ነው። አባል የሚሆን ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ እንደኛ እንደ ሐበሾቹ ተጠራርቶ የሚሰበሰብ ሕዝብ ድንገት ተፈላጊ ይሆናል። እኛን ፎርም ያስሞሉን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ሳድል ሪጅ በሚባለው ሰፈራችን ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ የሚኖሩ የአስመራ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከኛ ከወሎዬዎቹ ይልቅ የተስተካከለ ነው። «ቮት አደርጋለሁ» ስላቸው፣ «ድምፅ እሰጣለሁ በይ፣ ልጄ፣ ቋንቋ አታበላሺ» ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ፤ በማግስቱ ያንኑ እደግመዋለሁ።

ስብሰባው ፔንብሩክ ሜዶውስ አዳራሽ ውስጥ እሁድ ከሰዓት ነበር። ሾፌሩ ሾፌሩን ይዞ፣ አረጋውያን የሚጦሩት ሴቶች ከሺፍት እንደወጡ ከነዩኒፎርማቸው መጥተው፣ ሁላችንም እንደ ዳኛ ተደርድረን ተቀመጥን። መጀመሪያ የተናገረው ሰውዬ ነጋዴ ነው። አንገቱ ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ «ሰላም ናችሁ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የምግባችንን ስም አጣሞ ጠራና አሳቀን። ለተጠየቀው ሁሉ መልስ አለው፤ መንገዱም ይሠራል፣ ክሊኒኩም ይከፈታል፣ ኪራዩም ይወርዳል። ውሸታም ነው ብዬ አልጨርሰውም። አማቶቹ ቤት መጀመሪያ እንደገባ ሙሽራ ግንባሩን ላብ አጥምቆት ነበር። መወደድ የፈለገ ሰው ነው፤ መወደድ መፈለግ ደግሞ ወንጀል አይደለም።

ቀጥላ የተነሳችው ሴትዮ ለጡረታ የተቃረበች አስተማሪ ናት። ረጅም፣ ሽበታም፣ ፈገግታ የማይሆንላት። ለዚህ ውድድር ብላ ሥራዋን እንዳቋረጠች፣ ካልተሳካላት ሌላ ጊዜ እንደማትሞክር ከወረቀት ላይ አነበበች። ዕድሜዬ ሁለተኛ ዕድል አይሰጠኝም አለች። ያኔ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። ባለቤታቸው እትዬ አልጋ ላይ ከዋሉ ወራት ሆኗቸው ነበር፤ እሳቸውን እያጠበች እንድትሄድ የምትላከው የቤት ለቤት ተንከባካቢ በየቀኑ ትለዋወጥባቸዋለች።

«ሚስቴ በየማለዳው ገላዋን ለማታውቀው ሰው ታሳያለች» አሉ ጋሼ በጠራ እንግሊዝኛ። «ይሄን ማነው የሚያስተካክልልን?»

ሰውዬው «ከተመረጥኩ በመጀመሪያው ሳምንት» አለ። ተጨበጨበለት። ሴትዮዋ ግን ጋሼን አየቻቸውና «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለች።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «አላውቅም ነው ያለችው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣች?»

ሳቅን። ጋሼ አልሳቁም፤ ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

ስብሰባው ሲያልቅ ሴትዮዋ ትንሽ ደብተር ይዛ በየወንበሩ ዞረች። «ለድምፅ መስጫው ቀን ትመጣላችሁ?» እያለች ትጠይቃለች። ሰዉ ሁሉ እሺ ይላታል፤ እሷም ትጽፋለች። የምርጫው ጣጣ የመጣው ከዚያች ደብተር ነው። እሺ ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ዕቁብ ግቢ ስትባል እሺ ነው፣ ልጅሽን ለልጄ ስትባል እሺ ነው፣ እሁድ ብቅ በይ ስትባል እሺ ነው። ፊት ለፊት የቆመን ሰው እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ የፈለሰፍነው ነገር ነው። እዚህ አገር ግን ኦኬ ያለ ሰው ይጠበቃል። እኔ ጋ ስትደርስ ከሁሉም በልጬ «እሺ፣ እንዲያውም ቫን አለኝ፤ ሰባት ሰው ይጭናል፣ ሰፈሩን ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ መሰለኝ። ስሜን ጻፈችና ጎኑ ላይ ሰባት ብላ ከበበችው። ወላሂ አላልኩም። ወላሂ ብል ኖሮ ይይዘኝ ነበር፤ እሺ ብቻ ስለሆነ ያልኩት፣ ገና መኪናዬን ሳላስነሳ ረሳሁት።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ አረፉ። ለቅሶው ጋሼ ቤት ተደረገ፤ ምንጣፉ ላይ ፍራሽ ተዘርግቶ፣ ወንዱ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ ወጥ ቤት። በሁለተኛው ቀን ነጋዴው መጣ። የጋሼን እጅ በሁለት እጁ እንደያዘ አብሮት የመጣው ልጅ ፎቶ አነሳው፤ ጫማውንም በቁሙ ነው ያወለቀው። በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ ብቻዋን መጣች። ጎንበስ ብላ ክሯን ፈታች። በሩ አጠገብ ተቀመጠችና ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ዋለች። ንፍሮ ሲሰጧት በላች። አንዲት ወረቀት አላደለችም፣ ስለ ምርጫ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስትወጣ ጋሼ እስከ በር ሸኟት፤ እጇንም ቶሎ አለቀቁም።

በገዛ ሕጌ ብሄድ ኖሮ ጫማዋን አይቼ መፍረድ ነበረብኝ። እኔ ግን ሳህን እያጠብኩ «ይቺ ከሰውዬው የባሰች ናት» አልኩ። «እሱ ደህና፣ ድምፅ ፈልጎ መጣ፣ ፎቶውን ተነስቶ ሄደ። ይቺ ግን በሰው ሬሳ ላይ ቁጭ ብላ ድምፅ ትፈልጋለች።» ሴቶቹ «ውይ እውነትሽን ነው» አሉኝ። ጋሼ ውሃ ሊጠጡ ገብተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰምተውኛል። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወጡ።

ድምፅ መስጫው ቅዳሜ ዋለ፤ ቦታው ሜይላንድ ሃይትስ ነው። ከሌሊት ጀምሮ በረዶ ሲጥል አድሮ ጠዋትም አላባራም። ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ፣ ሴትዮዋ ናት። አላነሳሁም። ቀጥሎ «ትመጣላችሁ?» የሚል ቴክስት ገባ። አሁን እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ ፊት ለፊቴ አልቆመችም፣ ነውሩም የለም። እኔ ግን «ኦኬ» ብዬ ጻፍኩላት። እጄ ለምዶ ነው የጻፈው። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ከዚያ ጋሼ ደወሉ። ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል።

«ልጄ፣ ለብሼ ጨርሻለሁ። የእትዬ እህትም ተዘጋጅታለች። ስንት ሰዓት ነው የምትመጪው?»

«ኸረ ጋሼ፣ በረዶውን አላዩትም? መንገዱ ያንሸራትታል። እርስዎን ይዤ ብወድቅስ?»

በየዓመቱ በዚያ ሁሉ ግግር ላይ የሰው ልጅ ጭኜ በባስ የምመላለስ ሴት መሆኔን ያውቃሉ። «አንቺ ነሽ መንገድ የፈራሽው?» ቢሉኝ ኖሮ በእልህ እነሳ ነበር።

«እሺ፣ ልጄ» አሉኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ቫኔን የሚጠብቁትን ሁለቱን የመስጊድ ጓደኞቼንና ጎረቤቶቼን ባልና ሚስቱን «ዛሬ ቀርቷል» አልኳቸው፤ እነሱም እሺ አሉ፣ ደስ ያላቸው ይመስለኛል። ጋሼ ሚስታቸውን ከቀበሩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ሊወጡ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ነበር። ሱፉን እስከ ማታ ድረስ ሳያወልቁ እንደተቀመጡ የነገረችኝ የእትዬ እህት ናት።

ማታ ውጤቱ ተሰማ። ሴትዮዋ በስድስት ድምፅ ተሸነፈች።

ወጥቼ ቫኔ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ጋሼና የእትዬ እህት፣ ጎረቤቶቼ ባልና ሚስቱ፣ ሁለቱ ጓደኞቼ፣ እኔ። ሰባት። ሁላችንም ለሷ እንሰጥ እንደነበር ምን ማረጋገጫ አለ ብዬ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ፤ ግን ራሴን የት አባቴ ልሸሸው። ፎርሙን ያስሞሉን ጋሼ ናቸው፣ ማን ይሻላል ብለንም የምንጠይቀው እሳቸውን ነበር።

የእትዬ አርባ ደረሰ። ተዝካሩ ላይ ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለብቻ ድስት ተጥዶልናል፤ ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር አይረሱም። እኔ ምስሩን እያማሰልኩ በመስኮት ሳይ ሴትዮዋ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ አየሁ። እጄ ማማሰያው ላይ ቀረ። ምን ፈልጋ መጣች? ምርጫው አልቋል፣ ተሸንፋለች፣ ከኛ የምታገኘው ነገር የለም። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ክሯን ፈታች።

ጋሼን ወደ ጎን ሳብኳቸው። «ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ጠርቷት ነው?»

«እኔ» አሉ። «ቀኑን የዚያን ጊዜ ከለቅሶው ስሸኛት ነው የጻፈችው። አርባ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ከዚያም በፊት ስትመጣ ነበር፣ ልጄ። ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን መጣች። ምንም ሥልጣን የላት፣ ያላት ስልክ ነው፤ እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲልካት ዋለች። ከዚያ ወዲያ እትዬን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያጠበቻት አንዲት ተንከባካቢ ብቻ ናት። እትዬ ስሟን ታውቀው ነበር። ስትሞትም ተንከባካቢዋ እጇን ይዛት ነበር።»

«ለምን አልነገሩንም ታዲያ?»

«አትንገርብኝ አለችኝ። ቢሰሙ ድምፅ ፍለጋ ነው ይሉኛል አለች።»

ቃሉ የኔው ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ያልኩትን አንስተው ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ። ምስሩ እስኪያርብኝ ድረስ እዚያው ቆምኩ።

ምግቡን ሳቀርብ እሷ ጋ መድረሴ አልቀረም። ሳህኑን ስሰጣት አወቀችኝ፤ ሰባት ብላ የከበበችውን ሰው እንዴት ትረሳለች። ቂም አልነበረባትም። ይልቅ የምታዝንልኝ መሰለችኝ።

«ያን ቀን በረዶው ከባድ ነበር» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «መኪናሽ እምቢ ብሎሽ ነው አይደል? እንዲያ ነው ያሰብኩት።»

መውጫ ሰጠችኝ። አዎ ብል በዚያው ያልቅ ነበር፤ አዎ ማለት ደግሞ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም። ጋሼ ከማዶ እያዩኝ ነበር።

«አይደለም» አልኳት። «መኪናው ደህና ነበር። መንገዱም ለኔ ምንም አልነበረም። ዝም ብዬ ነው የቀረሁት። ጋሼ ለብሰው ጠብቀውኝ ነበር፣ እሳቸውንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በስድስት መሸነፍሽን አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ፊቷ ቀላ። ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ምናልባት ያን ጊዜ ነው በእውነት የተሸነፈችው፤ እስከዚያ ድረስ በረዶው ነበር ያሸነፋት። እኔም አጠገቧ በርከክ እንዳልኩ የምትለኝን ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ጋሼ አንድ ነገር አስተምረውኛል» አለች። «ሰዎቹ ለምን አልመጡም ብዬ ስጠይቃቸው፣ እሺ ማለት አዎ ማለት አይደለም አሉኝ። ከፍቶሽ እንዳትሄጂ ማለት ነው አሉኝ።»

እንባዬ መጣ፤ በሻሼ ጫፍ ጠረግሁት።

ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። «እሺ» አለችኝ፣ በአማርኛ፣ ሺውን እንደኛው አጥብቃ። ከዚያ ሳህኗን ይዛ ተነስታ ጋሼ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።