አጥፋው ያለችው መብራት

የሺኖ ሥራ የሰው ፊት በፎቶ ማንሳት ነበር። በዓሣ አጥማጆች መንደራችን በኩሮሳኪ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሙሽራውንም፣ ተማሪውንም፣ ለመታወቂያ የሚጣደፈውንም ያነሳችው እሷ ናት። ከሁሉም በላይ ሙያዋ ግን ሰው ሲሞት አስከሬኑ ራስጌ የሚቆመው ትልቁ ፎቶ ነው። እኛ የመንደሩ ሰዎች ስድሳን ስናልፍ ለብሰን አጊጠን እሷ ዘንድ እንሄድ ነበር። «አሳምረሽ አንሺኝ፤ ብዙ ዘመን የምታገለግል ናት» እንላት ነበር። ማፈር ብሎ ነገር የለም፣ ልማዳችን ነው።

ባሏ ሲሞት ፎቶ ቤቷን ዘጋችና ካሜራዋን ወደ ሰማይ አዞረችው። ለምን ቢሏት፣ «ኮከብ ‹ዓይኔን ጨፈንኩ እንዴ?› እያለ አይጨቀጭቀኝም» አለች።

የምትመኘው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ልጅ ሳለች፣ ጀልቦቻችን ገና መብራት ሳይሰቅሉ፣ ከታላቅ ወንድሟ ከቶኩጂ ጋር ጥቁሩ ዓለት ላይ በጀርባቸው ይተኙ ነበር። ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጭ የከዋክብት ጎዳና፣ ከዓለቱ ጀርባ ቁልቁል ይወርድና ባሕሩ ላይ ይተኛል። ውኃው ራሱ ኮከብ ያወጣ ይመስላል። የቱ ሰማይ፣ የቱ ባሕር እንደሆነ ይጠፋቸውና ላለመውደቅ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ያንን ሌሊት አንድ ጊዜ፣ ከመሞቷ በፊት፣ በፎቶ ልታስቀረው ፈለገች።

እንዳታስቀረው የከለከላት ደግሞ ያው ቶኩጂ ነው። እሱ የሚያጠምደው ስኩዊድ፣ ያ ባለብዙ እጅ የባሕር እንስሳ፣ የሚጠመደው በመብራት ነው፤ ያውም ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት። እሷም ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ነው የምትጠብቀው። ሌሎቹ ጀልቦች ወደ ሰሜን ራቅ ይላሉ፤ እሱ ግን ልክ ከዓለቱ ፊት ለፊት ይቆምና ሃያውንም አምፖል ቦግ ያደርገዋል።

«ጋሼ፣ አንድ ሌሊት ብቻ አጥፋው! አንድ!»

«ታዲያ ሆዴን በኮከብ ልሙላው?»

«ሰማዩን አበላሸኸው እኮ!»

«ሰማዩ የአባትሽ ነው?»

«የአባቴማ ከሆነ ያንተም አባት ነው፣ አንተ ግትር!»

ይስቃል። ሁልጊዜ ይስቃል። «ስሞት ይጠፋልሻል። ያኔ እንደ ልብሽ አንሺ» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ከመንደራችን ባሕርተኛ ሲሞት ሦስት ሌሊት አንድም ጀልባ አይወጣም። «ታዲያ ቢያንስ ፊትህን ላንሳው» ስትለው ደግሞ እንቢ ነው። «ያንቺ ካሜራ ያየው ሁሉ ግድግዳ ላይ ቀርቷል። እኔ ገና ነኝ!»

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። እሷ ዓለቱ ላይ ወጥታ ካሜራዋን ከፍታ ትቀመጣለች። እሱ ሲያልፍ ጡሩምባውን ሁለቴ ይነፋላታል፤ እሷም ትረግመዋለች። ፎቶው ሲታተም ሰማዩ ገርጥቶ፣ ባሕሩ መሐል አንድ ነጭ መብራት አፍጥጦ ይወጣል። ጀርባው ላይ «ተበላሸ» ብላ ትጽፍና የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ትወረውረዋለች።

በመስከረም፣ ጨረቃ በጠፋችበት ሳምንት፣ ቶኩጂ ከሰዓት በኋላ ገመድ ሲጠግን ቆየና «ደከመኝ» ብሎ ጋደም አለ። በዚያው ቀረ።

ሲመሽ ሚስቱ ኪኑ ሺኖን ወደ በር ወሰደቻት። «ካሜራሽን ይዘሽ ውጪ» አለቻት።

«አብደሻል? ወንድሜ እዚህ ተዘርግቶ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ስትነዘንዢው የሰማሁት እኔ ነኝ። ስሞት ይጠፋል ብሎሻል፤ ቃሉን እንዲያጥፍ አታድርጊው። አጠገቡ እኔ አለሁ፣ ሂጂ።»

ሄደች። እግሯ መንገዱን ያውቀዋል። ወደቡ ላይ ጀልቦቹ ሁሉ ታስረው ቆመዋል። ባሕሩ ላይ አንድም መብራት የለም። ዓለቱ ላይ ወጥታ ቀና ስትል፣ አቤት! ሰማዩ እንዳለ ወርዶ ውኃው ላይ ተኝቷል። ነፋስ የለም፣ ማዕበል የለም። ከዋክብቱ ከእግሯ በታች ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ፤ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ጠፋት። ለመያዝ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። ማንም አልነበረም።

ካሜራዋን ከፈተችና ጠበቀች። ፎቶው ከተነሳ በኋላም መጠበቋን አላቆመችም። ምን እንደምትጠብቅ ዘግይቶ ነው የገባት፤ ያንን ሁለቴ የሚነፋ ጡሩምባ ነበር። ያን ጊዜ እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሲነጋ ፎቶውን አየችው። አንዳች እንከን የለበትም። መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ኪኑ በሌላ ጭንቅ ተይዛ ነበር። «ራስጌው ምን እናቁም? ያለችው ለአጥማጅነት ፈቃዱ የተነሳት፣ ጥፍር የምታክል ፎቶ ናት፤ እሷም ላይ ፊቱን የባሕር ውኃ አጥፍቶታል። የፎቶ አንሺ ወንድም ያለ ፎቶ ሊሸኝ ነው! ምን ጉድ ነው?»

ሺኖ ወደ ቤቷ ሄደች። የብስኩቱን ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ዘረገፈችና አንዱን መረጠች። በትልቁ አትማ፣ በጥቁር ሪባን ከባ ራስጌው አቆመችው።

ለቀስተኛው ተንሾካሾከ። «ምንድነው ይሄ? ሰውየው የት አለ?»

የቶኩጂ ባልንጀራ ሽማግሌው ጌንዞ መነጽሩን አጠለቀና ተጠጋ። የገረጣውን ሰማይ፣ ዓለቱን፣ መሐል ላይ ያፈጠጠውን ነጭ መብራት አየ። «ያቺ ቦታ የሱ ናት፤ ሌላ ማንም እዚያ አያጠምድም» አለና ወለሉን በግንባሩ እስኪነካ ሰገደለት። ሌላውም በየተራው ሰገደ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ሺኖ ለብቻዋ ቀረች። በእጅጌዋ የፎቶውን መስታወት ወለወለችው።

«ግትር!» አለችው። «አጥፋው ስልህ ሰምተኸኝ ብታጠፋው ኖሮ፣ ዛሬ ምን አቆምልህ ነበር?»